ዘይትን ስለ መካፈል፦ የሃይድሮጂን አውቶቡስና የአሥሩ ደናግል ምሳሌ

ለራስ ተብሎ የተሰናዳ ነገር በችግር ሰዓት ላልተሰናዳው ጎረቤት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ በክርስትና ትምህርት ውስጥ በርትቶ የሚነሣው በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ በተጻፈው የአሥሩ ደናግል ምሳሌ ላይ ነው። አምስቱ ልባሞች ደናግል የመብራታቸውን ዘይት ለጎደላቸው ለአምስቱ ሰነፎች አናካፍልም ማለታቸው፣ ይህም ምሕረትን በሚያስተምር መጽሐፍ ሳይነቀፍ መታለፉ፣ ጠንቃቃውን አንባቢ ያስጨንቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ምጽዋትና ርኅራኄ ብሎ ሲተረጉመው ጭንቀቱ ይቀልላል፤ ሰው በዕድሜው ያልሠራውን ምጽዋት በመጨረሻዋ ሰዓት ከባልንጀራው ሊበደር አይችልምና። ይሁንና ዘይቱ በእጅ የሚዳሰስ፣ ጨለማውም በዓይን የሚታይ በሆነ ጊዜ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ገና መጠየቅ አለበት።

ጃፓን ይህን ጨለማ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የሆካይዶ ደሴት በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ የደሴቲቱ ትልቁ የከሰል ኃይል ማመንጫ በመቆሙ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች መብራት ያጡ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ፋክሳይ የተባለው ታይፎን በቺባ ያደረሰው ጉዳት ደግሞ አንዳንድ መንደሮችን ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ኤሌክትሪክ አስቀርቷል። በዚያው በ2018 ቶዮታ ለገበያ ያቀረበው «ሶራ» የተባለ የከተማ አውቶቡስ ኃይሉን የሚያገኘው ከፊውል ሴል ነው፤ ይኸውም በታንክ የታመቀውን ሃይድሮጂን ከአየር ኦክስጅን ጋር በማዋሐድ፣ ሳያቃጥል፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭና ውሃን ብቻ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው። ጭስ ስለሌለው ከመጠለያ አጠገብ ሊቆም፣ በመለወጫ መሣሪያ በኩልም ለሌሎች ኤሌክትሪክ ሊሰጥ ይችላል።

የሚሰጠው ግን የተወሰነ ነው። አውቶቡሱ ሙሉ ታንክ ይዞ 235 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ሲኖረው፣ በአንድ ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ከ9 ኪሎዋት አይበልጥም፤ ይህም ሁለት ወይም ሦስት የእንጀራ ምጣድ ብቻ የሚያግል ነው። በሙሉ አቅሙ ቢሰጥ በ26 ሰዓት ያልቃል። ያው 9 ኪሎዋት ስድስት የክፍል ማሞቂያዎችን ሊያሠራ፣ ወይም እያንዳንዱ 350 ዋት ገደማ የሚወስድ ከሆነ 25 ያህል የኦክስጅን መሣሪያዎችን ሊሸከም ይችላል፤ እነዚህም ሳንባው የደከመ ሕሙም በቤቱ ሆኖ የሚተነፍስባቸው ናቸው። እዚህ ላይ እኩል ማካፈል ፍትሕ አይደለም። ብርድ ልብስ ደርቦ ሊታገሥ የሚችለው ሰው ድርሻዬ ብሎ ማሞቂያውን ቢሰካ፣ የወሰደው የራሱን ድርሻ ሳይሆን የሌላውን እስትንፋስ ነው።

ሌላው ከባድ ጥያቄ የአውቶቡሱ የራሱ አገልግሎት ነው፤ አንዱ ሃይድሮጂን ወይ ሰዎችን ከአደጋ ቦታ ያወጣል፣ ወይ በስፍራቸው ለቀሩት ያበራል። ታንኩ እስኪነጥፍ ድረስ ከሰጠ ደግሞ ለመሙላት የሚሄድበት አቅም ያጣል፤ የመሙያ ጣቢያውም ጋዙን የሚያምቀው በኤሌክትሪክ ስለሆነ በአካባቢው መብራት ከጠፋ ሩቅ መጓዝ ያሻዋል። ስለዚህ ጥቂቱን ማስቀረት ንፉግነት አይደለም፤ የነገውን ስጦታ መጠበቅ ነው። የልባሞቹን እምቢታ በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ለሁሉም የማይበቃውን መክፈል ሁሉንም ጨለማ ውስጥ ሊጥል ይችል ነበርና። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚጸናው የቀረው ነገር በእርግጥ ለመመለስ የተጠበቀ እንደሆነ ብቻ ነው፤ አለዚያ ለስስት መሸፈኛ ይሆናል።

ኃይል ይካፈላል፤ ዝግጁነት ግን አይካፈልም። ቶዮታና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመሩት ሙከራ የሃይድሮጂን አውቶቡስ ኤሌክትሪክ በእጅ በሚያዙ ትናንሽ ባትሪዎች እየተሞላ ወደ ሰዎች ዘንድ እንዲደርስ ታስቧል፤ ይህም ወደ መጠለያ መምጣት የማይችለውን የአልጋ ቁራኛ የሚያስብ በጎ አሳብ ነው። ባትሪውን የተሸከመው ሰው ግን የትኛውን በር አስቀድሞ እንደሚያንኳኳ ማወቅ አለበት። በየትኛው ቤት በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው እንዳለ፣ የእጁ ባትሪም ስንት ሰዓት እንደሚያቆየው፣ በሰላሙ ቀን ተጠይቆና ተመዝግቦ ካልተገኘ፣ ሙሉ ታንክ ይዞ የደረሰ አውቶቡስ እንኳ መጀመሪያ የሚያበራው ቀርቦ ለጮኸው ነው።