የሒሳብ ክብደቱ ከምኑ ላይ ነው?

«ሒሳብ አላህ ለሰጠው ብቻ ነው» የሚል አባባል በፍኖተ ሰላምም በቡሬም፣ ከተማሪም ከወላጅም አፍ ይሰማል። ሲነገር ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን በውስጡ ፍርድ አለበት ባይ ነኝ፤ ያውም ያልተመረመረ ፍርድ። ይህንኑ የምትል እናት በገበያ ቀን በርበሬዋን በኪሎ መዝና ስትሸጥ፣ ያለፈውን ሳምንት ዋጋ፣ የመኪናውን ኪራይና የተበደረችውን ሁሉ አስባ ትርፏን በቃሏ ታወጣለች። መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ ያሳረሰ ጎረቤቷም፣ ምርቱ አውድማ ላይ ሲሰፈር ከድርሻው አንዲት ቁና አትጎድልበትም። ታዲያ የእነዚሁ ሰዎች ልጅ ከፍ ያለው ሒሳብ ላይ ሲደርስ ባዕድ አገር የገባ ያህል የሚደናገረው ለምንድን ነው?

ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያሻም። የራሳችን የፈራኢድ ዒልም፣ ማለትም የውርስ ክፍፍል ትምህርት፣ ነገሩን ወለል አድርጎ ያሳያል። አንድ ገበሬ ሞተ እንበል። ዕዳውና ኑዛዜው ተነሥቶ 24 ኩንታል በቆሎ ቀረ። ወራሾቹ ሚስቱ፣ ሁለት ሴት ልጆቹ፣ አባቱና እናቱ ናቸው። በሱረቱ ኒሳእ በተደነገገው መሠረት፣ ሟቹ ልጆች ስላሉት የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፤ 3 ኩንታል። የሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሲሶ ነው፤ 16 ኩንታል። አባትና እናት ለየራሳቸው አንድ ስድስተኛ፣ አራት አራት ኩንታል ይደርሳቸዋል። ደምሩት፤ 27 ይመጣል። ጎተራው ውስጥ ያለው ግን 24 ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማካፈሉም መደመሩም የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ነው፤ ስሌቱም አንዳች ስሕተት የለበትም። መንገዱ ግን ተዘጋ። እንዲህ ያለው ጉዳይ መጀመሪያ የቀረበው ለኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) እንደሆነ ይወሳል። ሟቿ ባልና ሁለት እህቶች ትታ ነበር፤ ግማሽና ሁለት ሲሶ ሲደመሩ ከአንድ ሙሉ በለጡ። ዑመር ሰሃቦችን አማከሩ። የተደረሰበት መፍትሔ ዐውል ይባላል፤ የሁሉም ድርሻ በተመጣጣኝ ይቀነሳል። እኛ ባነሣነው ምሳሌ በቆሎው በ24 እጅ መከፈሉ ቀርቶ በ27 እጅ ይከፈላል ማለት ነው። ሚስትም ከ27 እጅ 3 እጅ፣ ይኸውም አንድ ዘጠነኛ ታገኛለች። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ሚንበር ላይ ሳሉ ይህንኑ ተጠይቀው፣ የሴቲቱ ስምንተኛ ዘጠነኛ መሆኑን ወዲያው ተናግረው ኹጥባቸውን እንደ ቀጠሉ ይተረካል። ጉዳዩ እስከ ዛሬ «ሚንበሪያ» ይባላል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ግን በዐውል አልተስማሙም።

እንግዲህ እነዚያን ታላላቅ ሰዎች ያወያየው ስሌቱ አልነበረም። «ስምንተኛ» የሚለው ቃል በለመደው ትርጉሙ አላሻግር ሲል፣ ምኑ ተይዞ ምኑ ይለቀቅ የሚለው ነበር። መጠኑ ይለቀቅ፣ በወራሾቹ መካከል ያለው ሚዛን ይያዝ ተባለ። የከፍተኛ ሒሳብ ዋናው ክብደት በእኔ አስተያየት ይኸው ነው። ከሦስት አምስት አይቀነስም ተብሎ የተማረ ልጅ፣ ኋላ ይቀነሳል ይባላል። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ስኩዌር ሩት የለውም ይባልና፣ ጣሊያናዊው ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ ብቅ ይላል፤ ዛሬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ያለ እርሱ ሥራው አይሳካም። ተማሪው እዚህ ላይ ሲቆም ሰነፍ ይባላል። የቆመው ግን መቆም በሚገባው ቦታ ነው፤ ዑመርም ቆመው አማክረዋል።

ሌላው ክብደት ከፍታው ነው። አል-ኸዋሪዝሚ በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) በበግዳድ የአልጀብራን መጽሐፍ ሲጽፉ አንድም የኤክስና የዋይ ምልክት አልተጠቀሙም። ሁሉም በቃል ነው፤ የመጽሐፉም ሰፊ ክፍል ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ነው። (አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ ከመጽሐፉ ርእስ የተወሰደ መሆኑን ስንት ተማሪያችን ያውቅ ይሆን?) ዑመር ኸያም በ11ኛው መቶ ዓመት የሦስተኛ ደረጃ ኢኩዌሽኖችን በጂኦሜትሪ ፈቱ። የቁጥር ቀመሩን ጣሊያኖች በ16ኛው መቶ ዓመት አገኙት። ለአምስተኛ ደረጃው ግን እንዲህ ያለ ጠቅላላ ቀመር ሊኖር እንደማይችል ኖርዌያዊው አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 አረጋገጠ። አንዱ በሌላው ላይ ሲካብ አንድ ሺህ ዓመት ሞላው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ይህን ተራራ በጥቂት ዓመታት እንዲወጣው ይጠየቃል። የሚሰማው ቃል በሌላ ቃል፣ ያም በሌላ የተፈታ ነው፤ አንዱ ካመለጠው ቀጣዩ ድምፅ ብቻ ይሆንበታል።

ጎጃም ይህን ጉዳይ ጥንትም ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ዝረፍ አይባልም። በእኛም ቁርኣን ቤት ሐርፍ ያልለየ ልጅ ተፍሲር ፊት አይቀመጥም። ያልያዘውን እስኪይዝ እዚያው ይቆያል፤ ማንም አያፍርበትም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ክፍልፋይ ገባውም አልገባውም መስከረም ሲጠባ ልጁን ወደሚቀጥለው ክፍል ያሻግረዋል።

ይህን የማነሣው ለወግ ያህል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት፣ ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የልጆች ዓመት ባክኗል። ከዚያም በፊት የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ ከመቶ 3.3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከታሪክ ትምህርት አንድ ዓመት የጎደለው ልጅ ያንን ዘመን ብቻ አያውቅም። ክፍልፋይ የሚማርበት ዓመት የጎደለው ግን ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይዘጋበታል። ይህ ልጅ ነገ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲጠፋው «አልተሰጠውም» ማለት፣ ሰው የነሣውን አላህ እንደነፈገው አድርጎ መመስከር ነው። የሐሰት ምስክርነት ደግሞ በዲናችን ከከባባድ ወንጀሎች የሚቆጠር ነው።

ተሰጥኦ የለም እያልኩ አይደለም። ደረጃው ሁሉ ተሟልቶም የሚከብድ አለ። የሁለት ኩብ ቁጥሮች ድምር ኩብ ሊሆን እንደማይችል አል-ኹጀንዲ በ10ኛው መቶ ዓመት ሊያረጋግጡ ሞክረው ማስረጃቸው ሳይሟላ ቀረ። ፈረንሳዊው ፈርማ በ17ኛው መቶ ዓመት ጥያቄውን አሰፋው። የስምንተኛ ክፍል ልጅ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ በስፋቱ የተሟላው ማረጋገጫ ግን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፣ በእንግሊዛዊው አንድሪው ዋይልስ። እንዲህ ያለው ክብደት ግን የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ የቡሬ ልጅ ተለይቶ የሚሸከመው አይደለም።

በክረምት መድረሳዎቻችን ልጆችን ይሰበስባሉ። ከቂርኣቱ ጎን በሳምንት ሁለት ቀን ፈራኢድ ከክፍልፋይ ጀምሮ ቢሰጥ ምን ይከለክላል? ድርሻዎቹን የሚያውቁ ኡስታዞች አሉን፤ ከየዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት የሚመጡ ወጣቶችም አሉን። የጎረቤት ክርስቲያን ልጆችም ለክፍልፋዩ ቢመጡ ደግ ነው፤ ክፍል ውስጥ አብረው የሚቀመጡት እነርሱው ናቸው። ትርፉ ለትምህርት ቤት ብቻም አይደለም። በገጠር ውርስ ሲከፈል ዝም በሉ የሚባሉ ሴት ልጆች፣ ከ27ቱ እጅ 16ቱ የእነርሱ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቁ ራሳቸው ያሰሉታል።