ከእስሩ መሐል

ደምበል ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት፣ ዛሬ እሱ በቆመበት አካባቢ፣ ወደ ካዛንቺስ ገባ ባለ ሰፈር ላሞች አርብታ ወተት የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች ይባላል። ከተማ መሐል ግጦሽ የለምና የላሞቿ ዕድል የሚወሰነው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነበር። ሣሩ ክረምቱ ሲወጣ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ በመኪናም ይመጣላታል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ጥቅምት ድረስ አልወጣ አለ። መኖ ቤቷ ባዶ ሲሆንባት ወደ ደንበኛዋ ሽማግሌ ሄደች። ድርቆሹ ታስሮ ተደርድሯል፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል።

«አባቴ፣ ዛሬውኑ ይጫንልኝ።»

«አልደረቀም ልጄ።»

«ይኸው እጄ ላይ እየተሰበረ?»

«እጅሽ የነካው ቅጠሉን ነው። ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፤ ውኃው አገዳው ውስጥ ነው ያለው።»

አንዱን እስር ፈትቶ ከመሐሉ ጭብጥ ሣር መዘዘ። ቆራርጦ ክዳን ባለው ጠርሙስ ከተተና ምጣድ ላይ ታምሶ የደረቀ ጨው ጨምሮበት ደጋግሞ ናጠው። ደረቅ ቢሆን ጨው እንደ አሸዋ ይፈስ ነበር። ይኸኛው ግን ረጥቦ ተጓጎለ።

ሽማግሌው የሚያውቀውን እናውቃለን። አዲስ የታጨደ ሣር ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ነው። ለመታሰር ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት፤ ወደ 15 ቢጠጋ ደግሞ ይሻላል። ርጥብ ከታሰረ ሻጋታ ይራባል፣ መሐሉ ይግላል፤ ብሶበት በሳምንታት ውስጥ ክምሩ በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዛሬ እስሩ ውስጥ የሚሰካ ባለ ዘንግ የርጥበት መለኪያ አለ። እሱም ቢሆን በብዙ እስሮች ላይ ደጋግሞ ካልተወጋ ያሳስታል፤ ሊታመን የሚገባውም ከፍተኛው ልኬት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መሣሪያው አይደለም። ርጥብ ሣር ሚዛን ላይ ይከብዳል፤ በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ውኃው ራሱ ገንዘብ ነው። ሽማግሌው የለካው ኪሱን የሚያጎድል ነገር ነበር።

«ላሞቼ ሊራቡብኝ ነው» አለች ሴትዮዋ እንባዋ እየመጣ። «ገዢዋ እኔ ከፈቀድኩ እርስዎን ምን አገባዎት?»

«የምትበዪው አንቺ ብትሆኚ እሺ ባልኩሽ። ላሚቱን ግን ማንም አልጠየቃትም።»

ተቆጥታ ከጎረቤቱ ገዛች፤ ጎረቤቱ አንድም እስር ሳይፈታ ጫነላት። ሽማግሌው በበኩሉ ከነልጆቹ እስሩን ሁሉ ፈትቶ ሜዳው ላይ በተነ። ጤዛው ሲለቅ እያገላበጡ ብዙ ቀን አደረቁት። በመገላበጡ ምርጡ ቅጠል ረግፎ ቀረ፤ የወተት ላም የምትፈልገው ደግሞ ቅጠሉን ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ሴትዮዋ ክምሩ ውስጥ እጇን ብትሰድ እንደ ትኩስ አመድ ፈጃት። ስታፈርሰው መሐሉ ነጭ ሻጋታ ለብሷል፣ አቧራው ያስላል። ከዳር ከዳሩ ደህናውን ለይታ እየቆጠበች አበላች፤ ለሽማግሌውም ሰው ላከች።

ሽማግሌው ድርቆሹን ጭኖ መጣ፤ ቅጠሉ ስለ ረገፈ ዋጋውን ራሱ ቀንሶ ነገራት። ገንዘቡን ልትቆጥር ስትል እጇን ያዘና ጠርሙሱን ሰጣት።

«መጀመሪያ አንቺ የወደድሽውን ፍቺ።»

አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሐል፣ አንዱን ከታች ፈታች። በሦስቱም ጨው ሳይጓጎል ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ብሯን ቆጠረች፤ የቀነሰላትንም መልሳ ጨመረችበት።