መራጭና ተመራጭ

ሰው በሰው ላይ ከሚሰጣቸው ፍርዶች ሁሉ ቀላል መስሎ የሚታየው በጨዋታ ሜዳ የሚሰጠው ነው። ዳኛ ሳይሰየም፣ መዝገብ ሳይገለጥ፣ ምስክር ሳይቆጠር ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ጓደኞቻቸውን ተራ በተራ ይጠራሉ። መጀመሪያ የተጠራው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ መጨረሻ የቀረው ስሙ እስኪነሣ እንኳ ሳይጠብቅ ወደ ጎደለው ወገን ይጠጋል። ከዚያ ጨዋታው ይጀመርና ምርጫው ይረሳል። የማይረሳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻ የቀረው ልጅ ነው።

ትዕይንቱ በዋግ ኽምራ፣ በአበርገሌ ቆላ ነው እንበል። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኘው ይህ አገር በፍየሉ የታወቀ ነው። ድርቅን የሚችለውና በወተቱ የሚመሰገነው የፍየል ዝርያ ስሙን ያገኘው ከአገሩ ነው። እዚያ የሚያድግ እረኛ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ፍየል መምረጥ ይማራል፤ ጥርስ ገልጦ ዕድሜ ይገምታል፣ ጡት ዳስሶ ወተት ይገምታል፣ አረማመድ አይቶ የትኛዋ ገደል እንደምትወጣ ያውቃል። ታኅሣሥ ገብቶ የገና ዱላ ሲቆረጥና ሩር ሲዘጋጅ ይኸው ልጅ የቡድን አባት ሆኖ በእኩዮቹ ፊት ይቆማል፤ ዓይኑም ሳያስበው ወደ ለመደው ሥራ ይመለሳል። ይህ ይፈጥናል፣ ያኛው ክንደ ብርቱ ነው፣ ያ ደግሞ ቶሎ ይደክመዋል። ወዳጆቹን መንጋውን በሚለይበት ዓይን ይለያል። በመጨረሻ ሁለት ልጆች ቀርተውታል። አንደኛው ሩር ሲመታ የሚያስደነግጥ፣ ጠባዩ ግን የማይወደድ ነው፤ ሁለተኛው ባለፈው ክረምት ጎርፍ ፍየሎቹን ከወንዝ ማዶ ባስቀረበት ሌሊት አብሮት ያደረ፣ ሜዳ ላይ ግን እምብዛም የማይረባ ጓደኛው ነው። ማንን ይጥራ?

የመጀመሪያው መልስ፣ ጨዋታ ጨዋታ ነውና የሚጠቅመውን ይጥራ የሚል ነው። ይህ መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የቡድን አባት ለራሱ ብቻ አይመርጥም፤ አስቀድሞ የጠራቸው ልጆች ድላቸውን በእጁ አስቀምጠዋል። ጓደኛውን ከጠራ የሚከፍለው የራሱን ውለታ ሲሆን የሚከፍልበት ገንዘብ ግን የሌሎች ነው። በቢሮም፣ በመድረክም፣ በድርጅትም ዝምድናን አስቀድሞ ችሎታን ያስከተለ ሰው ሁሉ ራሱን የሚያጽናናው በዚሁ በጓደኝነት ስም መሆኑን ልብ ይሏል። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ አበው የተናገሩትም ሜዳው ከማዕረግና ከውለታ ነጻ የሆነ ቦታ መሆኑን ለማመልከት ነው። ጭሰኛው የባለርስቱን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው የማይከሰሰው፣ እዚያ ሜዳ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ብቻ ስለሆኑ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይከብዳል። ልጁ የተለየው በሩር አመታቱ ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት ተለይቷል። ፍየል ሳትመረጥ ብትቀር አታፍርም። ሰው ግን መመዘኑን ያውቃል፣ የሚመዝኑትንም ዓይኖች ያያል። ታዲያ ሳይመረጥ መቅረት በደል ነውን? በደል ከሆነ በዳዩ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ የሚያጠራው፣ ተመራጩ ጭራሽ የማያየው ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዳንኤል ኦክሬንት የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊና አርታኢ ከወዳጆቹ ጋር አንድ አዲስ ጨዋታ ጀመረ። ብዙዎቹ በጽሑፍና በኅትመት ሥራ የሚኖሩ ነበሩ። በኒውዮርክ በሚገኝ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ይሰበሰቡ ስለነበር ጨዋታው ስሙን ከምግብ ቤቱ ወሰደ። እያንዳንዱ ሰው በሐሳብ የቤዝቦል ቡድን ባለቤት ይሆናል፤ በጸናው ደንብ መሠረት 260 ዶላር ይዞ 23 እውነተኛ ተጫዋቾችን በጨረታ ይገዛል፤ ተጫዋቾቹ በየስታዲየሙ የሚያስመዘግቡት ቁጥር ለገዢው ነጥብ ይሆናል። የተገዛው ሰው መገዛቱን አያውቅም። ፈልሳፊው ራሱ ለረጅም ዘመን በገዛ ጨዋታው ድል አልቀናውም ይባላል፤ ሰውን በቁጥር ማወቅ ሰውን ከማወቅ ጋር አንድ ላለመሆኑ ይህ ትንሽ ፍንጭ ሳይሆን አይቀርም።

ያው ሐሳብ በእንግሊዝ እግር ኳስ ላይ ተተክሎ፣ በእጅ ስልክ ተሳፍሮ አገራችን ገብቷል። ፋንታሲ የሚሉት ይህ ጨዋታ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የሐሳብ ገንዘብ ይሰጣል፤ በዚያ ገንዘብ 15 ተጫዋቾች ይመረጣሉ፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መውሰድ አይቻልም፣ አምበል የተደረገው ሰው ነጥብ በእጥፍ ይታሰባል። በአዲስ አበባ ሻይ ቤትም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተማ፣ መምህሩ ከተማሪው፣ ነጋዴው ከሠራተኛው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ተሰልፎ ሳምንቱን ሙሉ ይከራከራል። በዚህ ውስጥ ወዳጅነት አለ፣ ሳቅ አለ፣ ማመዛዘንም አለ። ባልንጀሮች ተራ በተራ የሚጠሩበትና አንድ ተጫዋች ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆንበት ዓይነትም አለው፤ በዚያኛው በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ የጠራ ሰው በሁለተኛው ዙር ቀድሞ ይጠራል። ይህ የዙር መገላበጥ ብልህ ደንብ ነው፤ ቀዳሚነት በአንድ ወገን እንዳይከማች ያደርጋል።

ነገር ግን የማያየውን ሰው የሚመርጥ ዓይን አንድ ነገር ይለምዳል። አጥቂው ጉልበቱ ተጠምዝዞ በቃሬዛ ሲወጣ፣ መራጩ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጉልበቱ ነው ወይስ ስለ ነጥቡ? ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ዋጋና ክብርን ለያይቷል፤ ዋጋ ያለው ነገር በአቻው ይለወጣል፣ ክብር ያለው ግን አቻ የለውም። ዋጋ ተለጥፎበት የሚሸጥና የሚለወጥ ተጫዋች የሩቅ ሰው ነው፤ ስለሆነም የሚጎዳው እሱ ላይሆን ይችላል። የሚጎዳው የመራጩ ዓይን ነው። ያ ዓይን ከስልኩ ላይ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ ይዞራልና።

ታዲያ ሰውን ከማማረጥ የሚያድን መንገድ የለም ወይ ለሚል፣ አገራችን የቆየ መልስ አላት፤ ዕጣ። ለበዓል ቅርጫ የገቡ ሰዎች በሬው ተበልቶ፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ተደልድሎ ሲያበቃ እያንዳንዳቸው ቅጠል ወይም ስንጥር ይሰጣሉ፤ የማን መሆኑን የማያውቅ ሰው እያነሣ በየመደቡ ላይ ይጥላል። ደልዳዩ የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ጉበቱንም ሻኛውንም አስተካክሎ ከማከፋፈል በቀር አማራጭ የለውም። ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ፣ ሰዎች የየራሳቸውን ዕድል ሳያውቁ የሚስማሙበት ሥርዓት ፍትሐዊ ነው ሲል ትልቅ ክርክር የከፈተበት ነገር፣ የእኛ ሥጋ በሊታ በጓሮው ሲሠራበት የኖረው ነው። ሆኖም ዕጣ ሥጋን እንጂ ሰውን አይደለድልም። የቡድን አባት ጓደኞቹን በስንጥር ቢያወጣ ማንንም አያሳፍርም፤ ማንንም ግን አላወቀም። ክንደ ብርቱው ልጅ ስለ ክንዱ፣ ፈጣኑም ስለ እግሩ አንድ ቃል አይሰማም። ዕውርነት ከአድልዎ የሚያድነው ከዕውቅናም ጭምር እያራቀ ነው።

ነገሩ ከጨዋታ ወደ እንጀራ ሲሻገር የዕጣ ድካም ይበልጥ ይገለጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የዋግ ኽምራ ገበሬ ሴፍቲኔት በሚለው ፕሮግራም ታቅፏል። በየቀበሌው የተሰየሙ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው መካከል ማን እርዳታ እንደሚያሻው፣ ማን በጉልበቱ ሠርቶ እንደሚከፈለው፣ ማን አቅም አጥቶ በነጻ እንደሚደገፍ ይለያሉ። በጦርነቱ ሳቢያ በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅሎ በሰቆጣ የተጠለለው ሕዝብም በስም ዝርዝር ውስጥ መግባትና አለመግባት ምን እንደሆነ በሚገባ ያውቃል። እዚህ ላይ የሚጠራው ብርቱው አይደለም፤ የደከመው ነው። የምርጫው ሚዛን ተገልብጧል፤ መመረጥ ራሱ የሚያሳፍርበት ቤትም አለ። ኮታው ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስ ደግሞ መራጩ ከሁለት የተራቡ ቤቶች አንዱን ይጽፋል። ዕጣ ቢጥል ከወቀሳ ይድናል፤ ነገር ግን አምስት ልጆች ያሏትን ባልቴትና ሁለት በሬ ያለውን ጎልማሳ በእኩል ስንጥር ይለካቸዋል። ስለዚህ ማወቅ አለበት፣ አውቆም መለየት አለበት።

የፕሮግራሙ ሥርዓት ለዚህ ያበጀው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ቅር ያለው ቅሬታ ለሚሰማ ኮሚቴ ያመለክታል። በተግባር ስንቱ ቀበሌ ይህን በቅጡ እንደሚፈጽም ሌላ ክርክር ነው። ሐሳቡ ግን የፋንታሲው ባለቤት የማይጠየቀውን ይጠይቃል፤ መራጩ ያልመረጠውን ሰው ፊት ለፊት እያየ እንዲያነብ። ያልተመረጠው ሰው ቦታውን ሁልጊዜ ላያገኝ ይችላል፤ ምክንያቱን የመስማት መብት ግን አለው፤ ምክንያቱ ሐሰት ከሆነም ቆሞ ሐሰት ነው የማለት። ሳይመረጥ መቅረት በደል የሚሆነው ይህ ሲነፈግ ነው።

የአበርገሌው ልጅ አሁንም ሜዳው ላይ ቆሟል። ወዲያ ማዶ ያለው የቡድን አባት ቶሎ እንዲጠራ ይጮኽበታል፤ ፀሐይም ወደ ተከዜ ማዶ እያዘቀዘቀች ነው። ልጁ ወደ ጓደኛው ይጠጋና በኽምጣና አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ጓደኛው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፣ ቀና ብሎ ይመልስለታል፣ ጥቂት ይከራከራሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ የመቺውን ስም ይጠራል።