ከልስኑ ጀርባ

እንጀራ በምጋግርበት ቀን የፊቲያው ቤቴ መስኮቶች ውሃ ያዘንባሉ። ውጭው በረዶ ነው፤ ከምጣዱ የተነሣው እንፋሎት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲያርፍ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። መድኃኒቱ መስኮቱን ዐሥር ደቂቃ መክፈት ነው። በዚህ ብርድ፣ የተከፈለበትን ሙቀት አውጥቶ መጣል መጀመሪያ እብደት ይመስለኝ ነበር። አካባቢው ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ለመሥራት በተነሣችበት ዘመን የቆመ ነው፤ ኮንክሪት ስለሆነ በራሱ አይተነፍስም፤ ነዋሪው ነው የሚያስተነፍሰው።

ስለ እርጥበት ማንበብ የጀመርሁት ግን ጎንደር ባለው በእናቴ ቤት ምክንያት ነው።

ቤቱን ያሠራው አያቴ ነው። ጥቁር ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተገነባ፣ ግድግዳው ከክንድ በላይ የሚወፍር። ምድር ቤቱ ክረምት ሲገባ ይረጥብና በበጋ ይደርቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ገንዘብ ላክሁና ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ቀለምም ተቀባ። ፎቶው ሲደርሰኝ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አሳየሁ። እዚያም ሰፈሩ «ልጇ አሰበቻት» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። በእኛ ሰፈር የተለሰነ ቤት ውጭ አገር ሰው እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው።

ያን ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ፎቶ መላላክ ቀርቶ ድምፅ ብቻ ቀረን። እማዬ በደወልሁ ቁጥር «ተመስገን፣ ቤቱም አምሮልናል» ትለኝ ነበር። መስመሩ ሲመለስ የአጎቴ ልጅ ለሌላ ጉዳይ የላከችልኝ ፎቶ ጥግ ላይ የእናቴን አልጋ አየሁት። ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሁለት ክረምት እዚያ ተኝታለች። ምድር ቤቱ ከወለሉ እስከ ሰው ደረት ጠቁሯል፤ ልስኑ አብጧል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ወጥቷል።

የሆነው ነገር ውስብስብ አይደለም። ውሃ ከመሬት በድንጋዩና በጭቃው ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ይሳባል፤ ፋኖስ ውስጥ ያለ ክር ላምባ እንደሚስብ። ቀድሞ በግድግዳው ፊት በኩል ተንኖ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋው። መውጫ ያጣ ውሃ መውጫ እስኪያገኝ ወደ ላይ ይወጣል። ይዞት የመጣው ጨው ደግሞ ሲደርቅ እየጠጠረ ልስኑንም ድንጋዩንም ይፈነቅላል። ሲሚንቶ ክፉ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ በብሎኬት ቤት ላይ ቦታው ነው። በጭቃ የቆመ ድንጋይ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፤ የገባው አይወጣም።

ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ከቤታችን በእግር የሚደረስበት የፋሲል ግቢ የተገነባው ውሃን በትነት በሚያስወጣ ኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጥገናው በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች ያንን እያነሡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ስዊድንም በሲሚንቶ የተለሰኑ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናቷን ወደ ኖራ ስትመልስ ኖራለች። ዕውቀቱ በደጃችን ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ለአጎቴ «ይህ ቤት ሲሚንቶ አይወድም፤ መጀመሪያ አሸንዳውን አስተካክሉ፣ ከግድግዳው ሥር የተቆለለውን አፈር አንሡ» ብለውት ነበር። አጎቴ ነገረኝ። እኔ በስልክ «ኖራ የድሮ ነገር ነው፤ በሲሚንቶ ይሁን» አልሁ። በዚያው ወር፣ የሌላን አገር ድርሰት ሳያዳምጡ ለራሳቸው ጆሮ የሚያለሰልሱ ተርጓሚዎችን የምወቅስበትን ምዕራፍ እጽፍ ነበር።

በጎ ሐሳብ ጥፋትን ይሽራል? ዘመዶቼ «ለበጎ ነው ያደረግሽው» ይሉኛል። አይሽርም ባይ ነኝ፤ መጠየቅ ስችል አልጠየቅሁምና። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የእናቴ ዝምታ ነው። ዋሸችኝ ለማለት አልደፍርም። ልጅ በስደት ያጠራቀመችውን ሰጥታ ሳለ «ስጦታሽ ከአልጋዬ አስነሣኝ» እንዴት ይባላል? ምስጋና አፏን ዘጋው። እኔም በደወልሁ ቁጥር «ቤቱ እንዴት ነው?» ስል ምስጋናዬን እየሰበሰብሁ ነበር፤ ያንን ጥያቄ ለመመለስ አንድ መልስ ብቻ ነበራት። ተቀባዩ ቅር ሊሰኝበት የማይችል ስጦታ ምን ያህል ስጦታ ነው? ገንዘብ የምንልክ ሁሉ ይህን ብንጠያየቅ ደስ ይለኛል።

እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1849 ባሳተመው ስለ ሕንፃ ጥበብ በሚናገረው መጽሐፉ፣ አሮጌ ሕንፃ የሠሩትና ከእኛ በኋላ የሚመጡት እንጂ የእኛ እንዳልሆነ ይሞግታል፤ በጊዜው የተጠረገ አሸንዳም ከትልቅ እድሳት እንደሚያድን ይመክራል። በሁለተኛው እስማማለሁ፤ ግንበኛውም ያሉት ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግን አንድ ሰው ይጎድለኛል፦ ዛሬ ማታ እዚያ ክፍል የሚተኛው።

ስለዚህ አሁን የሚወስነው እዚያ ያለ ሰው ነው፤ እኔ እልካለሁ፣ ስጠየቅ እመልሳለሁ። ግንበኛው ተመልሰው መጡ። አሸንዳው ተቀየረ፤ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ተቆፍሮ ውሃው የሚሄድበት ቦይ ወጣለት፤ ሲሚንቶው በመሮ እየተነቀለ ነው። ኖራው ግድግዳው ሳይደርቅ አይለሰንም፤ ይህን ያህል የወፈረ ግድግዳ ደግሞ በአንድ በጋ አይደርቅም። እስከዚያው ቤቱ ከፎቶው በፊት ከነበረው የባሰ አስቀያሚ ነው።

ባለፈው እሑድ ደወልሁ። ስለ ቤቱ ሳልጠይቅ እማዬ ራሷ ጀመረችው። «አቧራው ገደለኝ፤ ሲኒውን ስንት ጊዜ ልጠበው! ጎረቤቱም ቤትሽ ፈረሰ ወይ ይለኛል። እኔ የምልሽ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ግንበኛው ከፋሲካ በኋላ ነው የሚሉት» አልኋት።

«የትኛው ፋሲካ?»