የአራስ ደመወዝ፦ ሐቅ ወይስ ሰደቃ?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከሌላ ሰው የሰማሁት ሳይሆን እኔው ራሴ የፈጸምኩት ነው። መርካቶ ውስጥ አነስተኛ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። አራት ዓመት በታማኝነት ያገለገለችኝ ሻጭ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ «ጋሼ፣ ከእንግዲህስ መቆም አቃተኝ» አለችኝ። እንድታርፍ ፈቀድኩላት። የሁለት ወር ደመወዟን ሰጠኋትና በሒሳብ ደብተሬ ላይ «ሰደቃ» ብዬ መዘገብኩት። እርሷም መርቃኝ ሄደች። ወላሂ፣ ያን ሌሊት መልካም ሥራ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ደብተሩን ያየችው ባለቤቴ ናት። እርሷ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች የመጨረሻ ልጃችንን ስትወልድ አራት ወር ሙሉ ደመወዟ አልተቋረጠም ነበር። «ታዲያ ያኔ መሥሪያ ቤቴ ሰደቃ ሰጥቶኝ ኖሯል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

ሕጉን ፈልጌ አነበብኩ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ብቻ ነበር። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ጊዜም የሐኪም ማስረጃ እስካመጣች ድረስ ደመወዝ አይቆረጥበትም። እንግዲህ ሁለት ወር ከፍዬ ሁለት ወር አስቀርቻለሁ ማለት ነው!

ወገኖቼ፣ ሰደቃን ሰጪው ሲፈልግ ይሰጠዋል፤ ሲያሻው ይተወዋል። ሐቅ ግን በእኔ እጅ ቢቀመጥም የእኔ አይደለም። የሰውን ሐቅ በሰደቃ ስም መስጠት ግማሹን ከማስቀረት በላይ የሆነ ጥፋት አለበት፤ ባለ ሐቋን በገዛ ገንዘቧ አመስጋኝ ያደርጋታል። ያቺ እናት የመረቀችኝ በራሷ ገንዘብ ነበር።

«ትንሹ ነጋዴ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በአገራችን ይህን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ብቻውን ነውና። ሆኖም እርግዝና ድንገተኛ እሳት አይደለም። ደመወዟ 6,000 ብር ቢሆን የአራት ወሩ 24,000 ብር ነው። በየወሩ 1,000 ብር ለብቻ ያስቀመጠ ሰው በሁለት ዓመት ይሞላዋል። ለሱቅ ኪራይ የምናስብ ሰዎች ለዚህ ማሰብ እንዴት ያቅተናል?

በቤት ውስጥ ያለውም ሒሳብ እንዲሁ ነው። ደመወዝ ባይቋረጥ እንኳ ከሽያጭ የሚገኘው ኮሚሽን ይቀራል፤ የሐኪም ቤቱ፣ የአራስ ቤቱና የአራስ ጠያቂው ወጪ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ባልና ሚስት እርግዝናው ከታወቀበት ወር ጀምሮ ተቀምጠው ይመካከሩ፤ ጥቂት ጥቂትም ያስቀምጡ። ባሎችም አንዘንጋ፦ ነፈቃ የእኛ ግዴታ ነው። የሚስት ደመወዝ የራሷ ነው፤ ወዳ ካላገዘችን በቀር የአራስ ቤቱን ወጪ በእርሷ ደመወዝ ላይ አንጫን።

አንድ ጥያቄ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። በየቤታችን የሚያገለግሉን የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። አንዲቱ ብታረግዝ ሻንጣዋን አስይዘን እንሸኛታለን። ሕግ ስላልጠየቀን አላህም አይጠይቀንም ማለት ነውን? እኔ እንደዚያ ብዬ ለመመለስ ድፍረቱ የለኝም።

ደብተሬ ላይ «ሰደቃ» የሚለውን ሰርዤ «ዕዳ» ብዬ ጻፍኩ። የቀረውን የሁለት ወር ደመወዝ ይዤም ከባለቤቴ ጋር አራሷ ቤት ሄድን። ልትመርቀኝ ስትል «የለም ልጄ፣ ይልቅ አውፍ በይኝ» አልኳት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።