የተቆረጠው የገደል ማሚቶ

ድምፅ በባሕርዩ ቶሎ የሚሞት ነገር አይደለም። አንድ ሰው በሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢያጨበጭብ፥ ጭብጨባው በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እየገሰገሰ ከግድግዳውና ከጣራው እየተላተመ ይመለሳል፤ በየምላሹም ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ከዝምታ ጋር ይቀላቀላል። አባቶቻችን ከሩቅ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ብለው ሰይመውታል። በአዳራሽ ውስጥ የሚቀረውን የድምፅ ርዝራዥ ግን የዘመኑ ባለሙያዎች ሪቨርብ ይሉታል። አሜሪካዊው ሊቅ ዋላስ ሳቢን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ በሃርቫርድ ሌሊት ሌሊት የወንበር ትራስ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እያጋዘ፥ ይህ ርዝራዥ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ለክቶ ሕጉን አገኘ። ትራስ ተሸክሞ እውነትን የፈለገ ሰው ከእርሱ ሌላ መኖሩን እንጠራጠራለን።

እንግዲህ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ፥ ሰው ይህን የድምፅ አሟሟት በገዛ እጁ ቢያሳጥረው እውነትን አዛብቷልን? የሚለው ነው።

ጥያቄውን ያመጣው ጌትድ ሪቨርብ የተባለው አሠራር ነው። በለንደን ታውንሃውስ በሚባለው እስቱዲዮ፥ ፒተር ጌብሪየል በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሦስተኛ አልበሙን ሲያስቀርፅ፥ ድራም የሚመታው ፊል ኮሊንስ፥ መሐንዲሱ ሂዩ ፓጅም፥ የሥራው አዘጋጅ ስቲቭ ሊሊዋይት ነበሩ። በእስቱዲዮው ውስጥ ሙዚቀኞቹ ለመሐንዲሱ የሚናገሩትን ለማሰማት ብቻ የተሰቀለ ማይክሮፎን ነበር። ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል እንዲሰማ፥ ድምፅን አጥብቆ የሚጨምቅ መሣሪያ ተገጥሞበታል። ኮሊንስ ድራሙን በመምታት ላይ ሳለ ይህ ማይክሮፎን በአጋጣሚ ተከፈተ፤ የክፍሉም ግድግዳ ሁሉ አብሮ የሚያገሳ መሰለ። ፓጅም መስመሩን አዙሮ እንዲቀረፅ አደረገና ኖይዝ ጌት የተባለውን በር ጨመረበት። ይህ በር ድምፅ ከተመደበለት ወሰን ሲያልፍ ይከፈታል፤ ከወሰኑ ሲወርድ ይዘጋል። ስለዚህ ግሣቱ ገና በኃይሉ ሳለ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ሁሉ ይቆማል። ጌብሪየልም በአልበሙ ውስጥ ሲምባል እንዳይመታ ከልክሎ ስለ ነበር ለነገሩ ተስማማ፤ የሲምባል ረጅም ጩኸት በሩን ክፍት አድርጎ ባስቀረው ነበርና።

ሸክላ የተደረገውን ነገር የሚመሰክር ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ይህን ሐሰት ይሉታል። እውነት ነው፥ ትልቅ ሆኖ አግሥቶ ወዲያው ግድግዳው እንደ ጉም የሚተንበት አዳራሽ በምድር ላይ የለም። ይሁን እንጂ ሐሰት ሐሰት የሚሆነው አድማጩ እንዳያውቀው ሲደበቅ ይመስለናል። ደካማ ድምፅ ያለው ዘፋኝ በጠባብ ክፍል ቆሞ ዘፍኖ፥ በካቴድራል ውስጥ የዘፈነ እንዲመስል ሪቨርብ ሲያለብሱት ማንም አይከስሰውም፤ ልብሱ ስላማረ ብቻ እንቀበለዋለን። የተቆረጠው ድምፅ ግን መቆረጡን ራሱ ይናገራል። ከሁለቱ አሳሳቹ የትኛው ነው?

በ1977 እ.ኤ.አ. በበርሊን ሃንሳ እስቱዲዮ ዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» የተባለውን ዘፈን ሲቀርፅ፥ አዘጋጁ ቶኒ ቪስኮንቲ ሦስት ማይክሮፎን አቆመ፤ አንዱን በአጠገቡ፥ ሁለተኛውን 6 ሜትር ያህል፥ ሦስተኛውን 15 ሜትር ያህል አርቆ። ሁለቱ ሩቆች በር ነበራቸው፤ የሚከፈቱትም ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ነው። አዳራሹ እንዲሰማ የፈለገ እንደ ሆነ መጮኽ ነበረበት። በዚህ አሠራር በሩ የሰውን ድካም ዋጋ ይሰጠዋል፤ እኛም ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ይህንኑ ነው።

ከሐሰትነቱ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። በር ካለ ወሰን አለ፤ ወሰን ካለ ደግሞ ከወሰኑ በታች የሚቀር አለ። ጥሩ የድራም ተጫዋች በሁለት ብርቱ ምቶች መካከል ቆዳውን እንደ መዳሰስ ያህል የሚነካባቸው ቀላል ምቶች አሉት፤ የእጁ ጠባይ የሚታወቀውም ከብርቱዎቹ ይልቅ በእነዚህ ነው። በሩ ግን አያውቃቸውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤ.ኤም.ኤስ. አር.ኤም.ኤክስ. 16 የተባለው መሣሪያ ይህን የመሰለውን ድምፅ በቁልፍ ማዘዝ እንዲቻል አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሳይመርጡት፥ ልማድ ስለ ሆነ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ብዙ ተጫዋችም በአንድ ክፍል የተቀመጠ አንድ ሰው መሰለ። ኮሊንስ ይህን ድምፅ ያገኘው በራሱ ክንድ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ክንዳቸውን ለመሣሪያው አስረከቡ። ለዚህ በሩ ይወቀሳል እንዴ? ወሰኑን የሚመድበው የሰው ጣት መሆኑን ስናስብ ለመፍረድ እናመነታለን።

ኮሊንስ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» በቅርቡ ደግመን አዳመጥነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል አንዲት የድራም ማሽን ለብቻዋ በዝግታ ስትመታ ትቆያለች፤ ከዚያ ድራሙ በድንገት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጆሯችንን የሳበው ጩኸቱ ሳይሆን ከምት እስከ ምት ያለው ባዶ ቦታ ነበር። በዚያ ውስጥ የእጁ ቀላል ምት ተደብቆ እንደ ሆነ ለማወቅ ድምፁን ከፍ አድርገን ጠበቅን፤ በሩ ግን ተዘግቶ ነበር።