ዕውቀትና አንደበቱ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በቆሎውን የሚኮተኩተው ገበሬ ሊረዳው ያልቻለ ጥበብ፣ በሊቁ ልቡና ውስጥ ምሉእ ሆኖ ቢኖር እንኳ፣ በእውነት ጥበብ ሊባል ይገባዋልን? የሳይንስን ነገር ለሕዝብ የመግለጥን ሙያ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የመምህራን ጉባኤ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ሊነሣ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ በጰራቅሊጦስ ዕለት ለሐዋርያት የተሰጠው ጸጋ የምሥጢር ብቻ ሳይሆን የልሳንም ነበርና።

ዋሸራን የመሰለው የጎጃም ቅኔ ቤት ይህን አስቀድሞ ዐውቆታል፤ የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም፣ የበሰለው ደቀ መዝሙር ለጀማሪው ያስነግራል፣ ምሥጢሩም ከአንደበት ወደ አንደበት ሲሻገር ይፈተናል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመምህርነቱ ወንበር ለማን እንደሚገባ ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች፣ የብልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ያን አይቶ ምክንያቱን መመርመር የሊቁ ድርሻ ነው፤ ነገር ግን ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ እንዶዱን የወቀጠው የእናቶች እጅ ባይኖር ኖሮ፣ የሊቁ ዐይን ምን ያይ ነበር?

ስለዚህ በጉባኤው ላይ ከባዮሎጂው ምሁርና ከጋዜጠኛው ጎን፣ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ባለው በላህ ወንዝ ልብስ የምታጥብ እናት ትቀመጥ ዘንድ እሻለሁ፤ በእንግድነት ሳይሆን፣ ተማሪው የጻፈውን ሰምታ «አልገባኝም» ባለች ጊዜ እንደገና የማስጻፍ ሥልጣን ይዛ።